ቤተ ሙከራ በሰፈር ሲሠራ ፍርድ ቤት ምን ይጠይቃል?

ነገ በአፉላ አደገኛ ተህዋስያን የሚመረመሩበት ቤተ ሙከራ ሊሠራ ነው ቢባል፣ ከአብዛኞቻችን አፍ የሚወጣው «አደገኛ ነው፣ አንፈልግም» የሚል ቃል ነው። ዳኛ ግን በዚህ ብቻ አይረታም። እሱ የሚጠይቀው ፈቃዱን የሰጠው ባለሥልጣን አደጋውን በአግባቡ መዝኖ እንደሆነ ነው። ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየን የቦስተን ነዋሪዎች ክርክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል 128 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጠ። የሚሠራው እንደ ኢቦላ ያሉ ገዳይ ቫይረሶች የሚጠኑበት፣ ከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ (ደረጃ 4) ያለው ቤተ ሙከራ ነበር። የተመረጠው ቦታ ሳውዝ ኤንድ ነው፤ አጠገቡ ሮክስበሪ አለ፣ ብዙ ጥቁሮችና ስደተኞች ተጠጋግተው የሚኖሩበት ሰፈር። «ለምን እኛ ጋ?» አሉ ነዋሪዎቹ። ይህ ጥያቄ ለእኛ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በ2004 እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች ቱላሬሚያ በሚባል በሽታ ተይዘው ነበር። ሕዝቡ የሰማው በጃንዋሪ 2005 ነው። ቁጣው ቢበረታም፣ በፍርድ ቤት የረዳቸው ቁጣው አልነበረም። ነዋሪዎቹ የአካባቢ ጥናቱን አገላብጠው አነበቡት። ጥናቱ «የከፋው አደጋ» ብሎ ያሰላው ስለ አንትራክስ ነበር። አንትራክስ ደግሞ እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይዛመትም። ታዲያ ተላላፊ ቫይረስ የያዘው ሠራተኛ ሳያውቅ አውቶቡስ ቢሳፈርስ? ሰው ያልበዛበት ሌላ ቦታስ በቅጡ ታይቷል? ጥናቱ መልስ አልነበረውም። በ2006 ፍርድ ቤቱ የመንግሥትን ማጽደቂያ ሻረ፤ በዲሴምበር 2007 የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና።

ግንባታው ግን ቀጠለ። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ደረጃ 4 ክፍሉ ለዓመታት ሳይከፈት ቆየ። አዲስ ጥናት ተሠራ፤ 13 ዓይነት ተህዋስያን ተመረመሩ፣ ሦስት ቦታዎች ተነጻጸሩ። በ2013 የፌዴራል ፍርድ ቤት አዲሱን ጥናት ተቀበለ፣ በ2017 መጨረሻ ላይ የከተማው ጤና ኮሚሽን ፈቀደ። ተሸነፉ የሚል ይኖራል። እኛ ግን መጀመሪያ መሠራት የነበረበትን ጥናት በግድ አሠሩ እንላለን።

በአገራችንም ነስ ጽዮና አለች። በ1952 የተቋቋመው የባዮሎጂ ምርምር ተቋም ያለው እዚያ ነው፤ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ነው። በ1998 ተቋሙ ሊስፋፋ ሲል ዒሪያው ራሱ ባጋፅ ደጃፍ ደረሰ። እዚያ ችግሩ ይብሳል፤ በምስጢር የተያዘን ሥራ ምን ብሎ መከራከር ይቻላል?

አፉላ ላይ ተራ የግንባታ ዕቅድ ከመጣ ግን መንገዱ ክፍት ነው። በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት፣ በዕቅዱ እጎዳለሁ የሚል ሰው ዕቅዱ ለተቃውሞ መቅረቡ ከታወጀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ያስገባል። ተቃውሞው በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ ፍሬ ነገሩም በመሐላ ቃል ተረጋግጦ ይቀርባል። ዕቅዱ ከጸደቀ ደግሞ አቤቱታው ወደ ናዝሬት ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ያም ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ ነው።

ማስታወቂያው የሚወጣው በዕብራይስጥ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያነቡ ወላጆቻችን ነገሩን የሚሰሙት ቡልዶዘሩ ሲመጣ ሊሆን ይችላል፤ የ60 ቀኑ ቆጠራ ግን ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ እየሄደ ነው።