ጥብስ ላይ ጨው መቼ ይጨመር?

"ዶክተር፣ ጨው ቀንሻለሁ፤ ግፊቴ ግን አልወርድ አለ" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እስቲ ዛሬ ወጥ ቤት እንግባ። ምን ያህል እንደምትጨምሩ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደምትጨምሩም ለውጥ አለው።

ጥብስ ስትሠሩ ሥጋው ገና መጥበሻ ላይ እንዳረፈ ጨው ካደረጋችሁበት ውሃውን ያወጣዋል። ከዚያ መጠበሱ ቀርቶ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። መጀመሪያ ቡናማ ይሁን፤ ጨው ከእሳት ሊወርድ ሲል ነስነስ አድርጉበት። ላይ ላዩ ላይ የቀረ ጨው ምላስ ቶሎ ስለሚያገኘው ትንሹ ይበቃል።

ወጥ ሌላ ነው። መጀመሪያ የገባ ጨው መረቁ እየመጠጠ ሲሄድ እየበረታ ይመጣል። በርበሬና ሚጥሚጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፣ ይህን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ሰው ነው። ማጣፈጫ ኩብማ አብዛኛው ራሱ ጨው ነው! ስለዚህ መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ብቻ ጨምሩ። አዮዲኑም ለረጅም ጊዜ እሳት ላይ ሲቆይ በከፊል ይባክናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ያውም ከዳቦው፣ ከሁሉም ተደምሮ።

በፖታሺየም የተተካ ጨው የምትገዙ ካላችሁ፦ የኩላሊት ችግር ካለባችሁ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትጀምሩት። ፖታሺየም ሲበዛ ልብ ምትን ያዛባል።