በአንድ ክንፍ የታወቀች ወፍ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ማታ መንገድ ስንሄድ፣ ከእግራችን ሥር ድንገት ብድግ የምትል ወፍ ልናይ እንችላለን። ይህች ወፍ ቀን ታርፋለች፤ ሌሊት ትበራለች። መልኳ አፈርና ደረቅ ቅጠል ይመስላል። አፏ ሰፊ ነው። የእሳት ራትና ሌሎች በራሪ ነፍሳትን ትበላለች። ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን ባዶ መሬት ላይ ትጥላለች።

የዚህች ወፍ ዘመድ በነጭ ሳር ተገኝታለች። ነጭ ሳር በአርባ ምንጭ አጠገብ ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ለጥናት የሄዱ ሰዎች አንዲት ወፍ መንገድ ላይ ሞታ አገኙ። በስብሳ ስለ ነበር አንድ ክንፏን ብቻ ወሰዱ። ክንፉን እንግሊዝ አገር ባለ ሙዚየም ከተቀመጡ ወፎች ጋር አስተያዩት። ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ስለዚህ በ1995 አዲስ ስም ወጣላት፤ «ሶላላ» ተባለች። በላቲን ቋንቋ «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው።

አንድ ክንፍ ይህን ያህል ካስተማረ፣ በሕይወት ያለችው ወፍ ስንት ታስተምር ይሆን! ስለዚህ ማታ ብናያት በድንጋይ አንምታት። እንቁላሏን አንርገጥ። መልኳን፣ ያየንበትን ቦታና ቀኑን በደብተራችን እንጻፍ። መጻፍ ተምረናል፤ ያየነው አይጥፋ።