በሲንጋፖር ኩባንያ ስለ ማቋቋምና ስለ «ስም ዲሬክተር»

በሲንጋፖር ኩባንያ ለማቋቋም የሚያስብ የውጭ አገር ነጋዴ አክሲዮኑን በሙሉ በእጁ ለማድረግ ይችላል። ነገር ግን ከዲሬክተሮቹ ቢያንስ አንዱ የዚያው አገር ነዋሪ እንዲሆን የኩባንያዎች ሕግ በቁጥር 145 ያዝዛል። በዚያ የሚታመን ሰው የሌለው ነጋዴ ይህን ግዴታ ለመፈጸም፣ በዓመት ክፍያ ስሙን የሚያውስ ሰው በአገልግሎት ሰጪ ድርጅት በኩል ያስሾማል። ይኸውም «ስም ዲሬክተር» የሚባለው ነው።

አጠራሩ ግን ያሳስታል። ሕጉ በስም ዲሬክተርና በሌላው ዲሬክተር መካከል የግዴታ ልዩነት አያደርግም፤ ሁለቱም ለኩባንያው በቅንነትና በትጋት መሥራት አለባቸው። «ባለቤቱ ያዘዘኝን ፈጸምሁ» ማለት ከኃላፊነት አያድንም። ስለዚህ ስም ዲሬክተሩ የሒሳብ መዝገብና የውል ግልባጭ ቢጠይቅ ነጋዴው ሊቀየመው አይገባም፤ ይልቁንስ የሚያሠጋው ምንም የማይጠይቀው ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በምትገኘው በሳርክ ደሴት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. 600 የማይሞሉ ነዋሪዎች 15,000 ያህል የዲሬክተርነት ሹመት ይዘው ነበር። እነዚያ ሰዎች ስለ ኩባንያዎቻቸው ምን ያህል ያውቁ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከበስተጀርባ ሆኖ የሚያዝዘውም ባለቤት ከሕግ ዐይን አይሰወርም። ዲሬክተሮቹ በእርሱ ትእዛዝ መሥራት የለመዱ ከሆነ እርሱም እንደ ዲሬክተር ይቆጠራል።

ብዙ ባለቤቶች ቀን ያልተጻፈበት የመልቀቂያ ደብዳቤ አስቀድመው አስፈርመው በመሳቢያ ያኖራሉ፤ በዚህም ዲሬክተሩን በፈለጉት ቀን የሚያሰናብቱ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ቁጥር 145፣ ሌላ ነዋሪ ዲሬክተር ሳይኖር የመጨረሻው ነዋሪ ዲሬክተር ሥራውን እንዳይለቅ ይከለክላል። ምትኩ ካልተዘጋጀ ደብዳቤው ዋጋ የለውም። ከደብዳቤው ይልቅ የሚጠቅመው ከምዝገባው በፊት የሚጻፍ ውል ነው። በዚህ ውል ዲሬክተሩ ብቻውን የማይፈርማቸው ሰነዶች፣ የባንኩ ሒሳብ የሚንቀሳቀስበት ፊርማና የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ተለይተው ሊጻፉ ይገባል።

ስሙን ለመሰወር ብቻ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ዛሬ አይሳካለትም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስም ዲሬክተሩ ያስሾመው ማን እንደ ሆነ ለኩባንያው ማስታወቅ ግዴታው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ2025 እ.ኤ.አ. የጸናው ሕግ ደግሞ፣ ይህን ሥራ መተዳደሪያው ያደረገ ሰው የሚሾመው በመንግሥት በተመዘገበ አገልግሎት ሰጪ አማካይነት ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ድርጅቱም የሰውየውን ብቃት አስቀድሞ መመርመር አለበት። በመሆኑም ነጋዴው ስለ ክፍያው ከመነጋገሩ በፊት የድርጅቱን የምዝገባ ቁጥር ይጠይቅ።