እንስራው፣ እርጥበቱና የጉበት ምርመራ

የላቦራቶሪ ወረቀት የተቀበለ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከቁጥሩ ጎን ባለችው ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ላይ ነው። ሐኪሙ እስኪጠራው ድረስ «ጉበቴ አልቋል» ብሎ ለቤተሰቡ ደውሎ ይጨርሳል።

ግማሹ ጥፋት የስሙ ነው፤ «የጉበት ሥራ ምርመራ» ይሉታል። ኤኤልቲና ኤኤስቲ ግን (አንዳንድ ወረቀት ላይ ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ ተብለው ይጻፋሉ) የጉበትን ሥራ አይለኩም። በሴል ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። የተሰነጠቀ እንስራ ሥሩን ያረጥባል፤ እርጥበቱ ስንጥቅ እንዳለ ይናገራል እንጂ ውስጡ ስንት ውኃ እንደቀረ አይናገርም። ሥራውን የሚጠቁሙት አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና ደም ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ ናቸው።

«ኢንዛይሙ ከፍ ካለ ጉበት ታሟል» ይባላል። ኤኤስቲ ግን በልብ፣ በጡንቻና በቀይ የደም ሴልም ውስጥ አለ። እንዲያውም በ1954 እ.ኤ.አ. ይህ ኢንዛይም በደም ውስጥ ሲለካ የተፈለገው ለጉበት ሳይሆን ድንገተኛውን የልብ ጡንቻ ጉዳት ለማወቅ ነበር። ከባድ ሸክም ሲያወርድ የዋለ ወይም ስፖርት በጀመረ ማግስት ደም የሰጠ ሰው ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱም እንዲሁ። ኤኤልፒ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ከአጥንትም ስለሚመጣ በማደግ ላይ ባለ ልጅ፣ ከእንግዴ ልጅም ስለሚመነጭ በነፍሰ ጡር ላይ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ተቃራኒው እምነት ነው፦ «ቁጥሩ ልክ ነው፤ ስለዚህ ጉበቴ ንጹሕ ነው።» የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ያለ ሰው ኢንዛይሙ ለዓመታት ልክ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ጠባሳ የሞላው ጉበት ደግሞ ኢንዛይም የሚያፈስስ ሴል እያነሰው ስለሚሄድ ወረቀቱ ላይ እንከን የሌለው ሊመስል ይችላል። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው «የጉበት ምርመራዬ ደህና ነበር እኮ!» ብለው የሚደነግጡት ለዚህ ነው። የቫይረሱ ምርመራ ራሱን የቻለ ነው፤ ካልታዘዘ አይታይም።

የቁጥሩ ትልቅነትም ያታልላል። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ብዙ ሺህ ደርሶበት በጊዜ ከታከመ ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችላል፤ ሃምሳ ያለበት ሰው ደግሞ ሥር የሰደደ ጠባሳ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ መውረዱም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ከባድ ጉዳት ላይ ኢንዛይሙ እየወረደ ቢሊሩቢን ከጨመረና ደም መርጋት ከዘገየ፣ የሚጎዳ ሴል እያለቀ ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

«ዓይኔ ቢጫ አልሆነም» የሚለው መጽናኛ ደካማ ነው። ቢጫነት የሚመጣው ቢሊሩቢን ሲከማች ነው፤ ብዙ የጉበት ሕመም እዚያ ሳይደርስ ለዓመታት ይቆያል።

«አልኮል አልቀምስም» የሚለውም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ውፍረትና የስኳር በሽታ ጉበት ላይ ስብ ያከማቻሉ፤ ጠጅ ሳይቀምሱ ቁጥሩ ይጨምራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች፣ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ፣ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። እዚህ ላይ ቀስቲቱን አይቶ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም አደጋ ነው። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆሙት ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም ወይም ቢጫነት ካለ ኢንዛይሙ ከመደበኛው ጣሪያ 3 እጥፍ ሲያልፍ፣ ምልክት ከሌለ ደግሞ 5 እጥፍ ሲያልፍ ነው። ትንሽ ጭማሪ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በድጋሚ ምርመራ ይታያል።

ለሐኪሙ የማይነገረው ግን ቅጠሉ ነው። «ለጉበት ጥሩ ነው» ተብሎ ከገበያ የተገዛ፣ ተዘፍዝፎ ጠዋት ጠዋት የሚጠጣ፣ ምን እንደሆነ እንኳ በውል ያልታወቀ። ጉበትን የሚጎዱ ዕፅዋት ስላሉ፣ ቁጥሩን ለማውረድ የተጠጣው ራሱ ከፍ ሲያደርገው ሊገኝ ይችላል።