ሁለት አበበዎች

አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትዎ «አበበ!» ብለው ቢጣሩ ስንቱ «አቤት» ይልዎታል? እኔ ሳስተምር ሦስት ተማሪዎች ባንድነት ብድግ ይሉብኛል፤ የአባታቸውን ስም ካልጨመርሁ አይለዩም።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዐውደ ዓመት ዋዜማ፥ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የሮማን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ሦስት ወር አለፈ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የዚያው የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መንግሥት ሊገለብጡ ተነሡ፤ ነገሩ ሲከሽፍም ከታገቱት ሹማምንት ብዙዎቹ በጥይት ተገደሉ። ከነዚያ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ፤ በሸዋ ዱር አምስት ዓመት ጣልያን ያልያዛቸው አርበኛ! ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፥ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ ጫማ አድርጎ ደግሞ አሸነፈ። እስቲ ጎንዎ የተቀመጠውን አበበ፥ አባቱ ስሙን ሲያወጡ የትኛውን አስበው እንደ ሆነ ይጠይቁት።