ማን ቀመመው ሳይሆን ማን ይበላዋል
በቤት ስለሚዘጋጅ የቫሮዋ መድኃኒት፦ ተረትና እውነታ

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሚዛን ተቀምጧል። ከሚዛኑ አጠገብ የጠቆረ እንጨት ለማንጣት የሚሸጥ ነጭ ዱቄት፣ አንድ ጠርሙስ ግሊሰሪንና በመቀስ የተቆራረጠ ስፖንጅ አለ። ባለቤቱ ጓሮው ላሉት ቀፎዎች መድኃኒት ሊቀምም ነው። በአሜሪካ ንብ አናቢዎች ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሕጋዊ ነው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዱ «ያስቀጣል» ይላችኋል፤ ሌላው «የራስህ ቀፎ፣ ማን አገባው?» ይላችኋል። ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ቫሮዋ የምትባል፣ ቀላ ብላ ቡናማ የሆነች፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያላት ጥገኛ ተባይ ናት። በንቧ ገላ መጠን ሲታይ ትንሽ አይደለችም፤ በሰው ላይ ብትሆን ድፎ ዳቦ የሚያህል መዥገር ጀርባ ላይ ተለጥፎ እንደ መዋል ነው። መነሻዋ የእስያ ንብ ስትሆን አሜሪካ ውስጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የምትራባው በሰም በተከደነው የእጭ ክፍል ውስጥ ነው። የንቧን ስብ ትመገባለች፤ ክንፍ የሚያሽመደምድ ቫይረስም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ታስተላልፋለች። ዝም ከተባለች የአውሮፓ ዝርያ የሆነውን ኅብረ ንብ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ መድኃኒት መፈለጉ አይገርምም። ችግሩ በመድኃኒቱ ዙሪያ የሚወራው ነው።

ተረት 1፦ «ቀፎው የራሴ ነው፤ ምንም ብቀምም ሕግ አያገባውም።»

እውነታ፦ በአሜሪካ ሕግ ቀፎ ውስጥ ተባይ ለመግደል የሚገባ ነገር ሁሉ ፀረ ተባይ ነው። የሚቆጣጠረው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሲሆን ዋናው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ይህ ሕግ ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ገበያውን ነው፤ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥና ማከፋፈል ክልክል ነው። አናቢው ራሱ ቀምሞ በራሱ ቀፎ ውስጥ ብቻ ቢጠቀም ግን የፌዴራሉ ሕግ ይህን በቀጥታ አይከለክልም።

ነገር ግን በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት አጥር አለው። አንደኛ፣ ከቀመሙት ላይ ለጎረቤት በጠርሙስ ቀድቶ መስጠት፣ በነጻም ቢሆን፣ ማከፋፈል ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ የፀረ ተባይ ሕግ አለው፤ ከፌዴራሉ የጠበቀ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውና ዋናው ማሩ ነው። ማሩ ለገበያ ሲወጣ የምግብ ሕግ ይመጣል። በማር ውስጥ የተገኘ የፀረ ተባይ ቅሪት የተፈቀደ ጣሪያ ወይም በግልጽ የተሰጠ ነጻነት ከሌለው፣ ማሩ እንደ ተበከለ ምግብ ይቆጠራል። ሕጉ አጥብቆ የሚጠይቀው መድኃኒቱን ማን ቀመመው ብሎ ሳይሆን ማሩን ማን ይበላዋል ብሎ ነው።

ተረት 2፦ «ከሱቅ የተገዛና የታሸገ ከሆነ ሕጋዊ ነው።»

እውነታ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሚትራዝ የተባለውን ኬሚካል እንውሰድ። ለቀፎ ተብሎ በፕላስቲክ ዘንግ ተዘጋጅቶ የተመዘገበ አለ። ያው ኬሚካል ደግሞ የከብት መዥገር ለመግደል በፈሳሽ መልክ ይዘጋጃል፤ በዋጋም እጅግ ይረክሳል። አንዳንድ አናቢ የከብቱን ገዝቶ፣ ከዘይት ጋር ለውሶ፣ ጨርቅ ነክሮ ቀፎ ውስጥ ያስገባል።

ይህ በግልጽ ሕግ መጣስ ነው። የተመዘገበን ፀረ ተባይ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መመሪያ ውጭ መጠቀም በራሱ ጥፋት ስለሆነ፣ ማሸጊያው «ለከብት» ካለ ለንብ አይደለም። እንግዲህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ወጥ ቤት የተቀመመው ለራስ ቀፎ ሲሆን ሊታለፍ ይችላል፤ ከሱቅ በደረሰኝ የተገዛው ግን ያስጠይቃል። ከበስተጀርባው ያለው ምክንያት አሁንም ማሩ ነው። ለአሚትራዝ በማር ውስጥ የተፈቀደው ጣሪያ በአንድ ኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። የቀፎው ዘንግ በዚህ ልክ ተለክቶ ቀስ በቀስ እንዲወጣ የተሠራ ነው፤ በጨርቅ የተነከረው ስንት እንደሚለቅ ነካሪውም አይነግራችሁም።

ተረት 3፦ «ያው አንድ ኬሚካል ነው፤ ልዩነቱ ዋጋው ብቻ ነው።»

እውነታ፦ ስለ ኦክሳሊክ አሲድ ከሆነ ይህ ወሬ እውነት አለው። እንጨት የሚያነጣው ዱቄትና ለንብ ተብሎ የሚሸጠው ዋና ንጥረ ነገራቸው አንድ ነው። በአሜሪካ ለቀፎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከዚያ ቀደም ብሎ ይሠራበት ነበር። በማር ውስጥ ለሚገኘው ቅሪትም የቁጥር ጣሪያ አልተጣለበትም፤ ማር ራሱ በተፈጥሮው ጥቂት ኦክሳሊክ አሲድ አለውና።

ልዩነቱ ያለው ልኬቱ ላይ ነው። የተመዘገበው መመሪያ 35 ግራሙን በአንድ ሊትር የስኳር ሽሮፕ አሟሙታችሁ፣ ንብ በሞላበት በእያንዳንዱ የፍሬም ክፍተት 5 ሚሊ ሊትር አንጠባጥቡ፣ ለአንድ ኅብረ ንብ ከ50 ሚሊ ሊትር አትለፉ ይላል። ይህ ልክ የተሠራው ውሃ አዝሎ ለሚገኘው የአሲዱ ዓይነት ነው። ገዢው ሳያውቅ ውሃ የሌለውን ዓይነት ቢያመጣ፣ በዚያው 35 ግራም ላይ 40 በመቶ የበለጠ አሲድ ቀፎው ውስጥ ይገባል። ማርም ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፣ አሲዱ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዱት ንቦቹ ናቸው።

ጊዜውም ልክ አለው። ኦክሳሊክ አሲድ ንብ ላይ የተጣበቀችውን ቫሮዋ ይገድላል እንጂ የሰም ክዳን ሰብሮ አይገባም። የሠራተኛ ንብ ሙሽሬ ተከድኖ የሚቆየው 12 ቀን ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለችው ቫሮዋ ጠብታውን ሳታይ ታልፋለች። ጠብታው ይበልጥ የሚሠራው አውራዋ እንቁላል መጣል ባቆመችበት የክረምት ብርድ የሆነው ለዚህ ነው።

መግቢያችን ላይ ያየነው ስፖንጅም ከዚሁ ችግር የመነጨ ነው፤ በግሊሰሪን ውስጥ ያለው አሲድ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይወጣልና፣ ከክዳን ሥር የምትወጣዋን ቫሮዋ ጠብቆ ያገኛታል። የካሊፎርኒያው ንብ አናቢና ተመራማሪ ራንዲ ኦሊቨር ዘዴውን በራሱ ቀፎዎች ለዓመታት ፈትኖ ውጤቱን በይፋ ጽፏል። በዚሁ መንገድ የሚሠራ፣ ተለክቶ የተዘጋጀ ዘንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ተመዝግቧል። የቤት ሙያ አንዳንዴ ከፋብሪካው ይቀድማል ማለት ነው። ወደ ገበያ የገባው ግን ተፈትሾ ነው።

ተረት 4፦ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም።»

እውነታ፦ ኦክሳሊክ አሲድ ቆስጣ ውስጥ አለ። ይህን የሰማ «እንግዲያው ቢነካኝስ?» ይላል። ቆስጣውን ግን ማንም በብረት ምጣድ አግሎ ጢሱን አይስብም። አሲዱ ቀፎ ውስጥ በሙቀት ሲተን የሚወጣው ነጭ ጭስ የአሲድ ጭስ ነው፤ ዓይን ይለበልባል፣ ሳንባ ያቆስላል። ተራ የአቧራ ማስክ አይመክተውም፤ ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ፣ የዓይን መከላከያና አሲድ የሚችል ጓንት ያስፈልጋል። እነዚህን የሚያዝዘው ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ በቤት የተቀመመው ጠርሙስ ግን የተጻፈበት ነገር የለም። አደጋው የሚከፋው ደግሞ ያ ጠርሙስ ሕፃን እጅ የገባ ዕለት ነው።

ተረት 5፦ «ንቦቼ አልሞቱም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ሠርቷል።»

እውነታ፦ መሥራቱ የሚታወቀው በቆጠራ ነው። ግማሽ ኩባያ ንብ፣ ወደ 300 ገደማ፣ ከእጭ ፍሬም ላይ ይራገፋል፤ አውራዋ አብራ እንዳትገባ መጀመሪያ ትፈለጋለች። ንቦቹ አልኮል ባለበት ማሰሮ ውስጥ ይጨመራሉ፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይናጣል። ማሰሮው ወደ ብርሃን ሲነሳ የረገፉት ቫሮዋዎች እንደ ቀይ የጤፍ ፍሬ ከሥር ዘቅጠው ይታያሉ። ዘጠኝ ከተገኙ ከመቶ ንብ ሦስት ማለት ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች «አሁን አክም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ እንደገና ይቆጠራል። 300 ንብ መሠዋት ያሳዝናል፤ ሳይቆጥሩ ማከም ግን ኅብረ ንቡን ሁሉ ለዕድል መስጠት ነው።

ባልተለካ መድኃኒት ደጋግሞ ማከም ሌላም ዕዳ ያመጣል። ደካማው መጠን ደካማዋን ቫሮዋ ይገድልና ጠንካራዋን ያስተርፋል። በአሜሪካ ፍሉቫሊኔት የተባለው ኬሚካል በእንዲህ ያለ አካሄድ አቅሙን ካጣ ቆይቷል፤ በአሚትራዝም ላይ የተላመደች ቫሮዋ በስፋት ተገኝታለች። ሰሙም አይረሳም፦ እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን አሜሪካ በታተመ ጥናት ከተመረመሩት የሰም ናሙናዎች 98 በመቶዎቹ ውስጥ አናቢዎች ራሳቸው ያስገቧቸው ፍሉቫሊኔትና ኩማፎስ ተገኝተዋል። ሰም ደግሞ ቀልጦ ዳግመኛ የማር እንጀራ ይሆናል።

ተረት 6፦ «አሜሪካ ከተፈቀደ የትም ይፈቀዳል፤ አገር ቤት ደግሞ ቫሮዋ የለም።»

እውነታ፦ ለአውሮፓ አንባቢዎቻችን የተረቱ የመጀመሪያው ግማሽ አደገኛ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ቫሮዋን የሚያክም ነገር የእንስሳት መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 28 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ይገዛል። በአሜሪካ «ለራሴ ቀፎ» ተብሎ የሚታለፈው እዚያ አይታለፍም። በብሪታንያ ደግሞ አናቢው ቀፎው ውስጥ ያስገባውን መድኃኒት መዝግቦ መዝገቡን አምስት ዓመት ማቆየት አለበት።

ቫሮዋ ኢትዮጵያ ውስጥም አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ተመራማሪዎች ተገኝታለች ብለው አስታውቀዋል። የአገራችን ንቦች ግን በብዛት ያለ መድኃኒት ይቋቋሟታል። ተባይዋን ከገላቸው ይነቅላሉ፣ ደጋግመው ይከፈላሉ፣ ሲከፋቸውም ቀፎ ጥለው ይሰደዳሉ፤ አናቢውን የሚያበሳጨው ስደት ቫሮዋን መራቢያ ያሳጣታል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ «ለንቦችህ» ብሎ የአሚትራዝ ዘንግ ሻንጣው ውስጥ ቢከት፣ ያልታመመ ሰው መርፌ እንደ መውጋት ይሆናል። ጉዳቱም ከአንድ ጓሮ ያልፋል፦ ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር የገባችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ እዚያ የሚያቆያት በማሯ ውስጥ የሚደረገው የቅሪት ምርመራ ነው። ቀፎን በወይራ ጢስ ማጠን ንብ ያረጋጋል፣ አዲስ ቀፎም መንጋውን እንዲማርክ ያደርጋል፤ የቫሮዋ መድኃኒት ግን አይደለም፣ መድኃኒትም አላስፈለገም።

ወደ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ እንመለስ። ሚዛኑን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱ ለራሱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ቫሮዋ ቆጥሬያለሁ? ክፍለ ግዛቴ ይፈቅዳል? ይህ ዕቃ ማሸጊያው ላይ «ለንብ» ይላል ወይስ «ለከብት»? ቅሪቱ ማር ውስጥ ቢገኝ ተፈቅዷል? መጨረሻው ላይ ደግሞ የሚቀርበው ጥያቄ አለ፦ ከዚህ ቀፎ የምቆርጠውን ማር ለበዓል ለጎረቤት ስልክ፣ ምን እንዳለበት ሲጠይቀኝ ሳላቅማማ እነግረዋለሁ? መልሱ «አዎ» ካልሆነ ስፖንጁ ደረቅ እንደሆነ ይቆይ።