ደም፣ ወዝና ደመወዝ፦ ስለ ሥራ ዋጋ የምናምነውና እውነታው

ደመወዝ የሚለውን ቃል ብንፈታው «ደም» እና «ወዝ» እናገኛለን። የቀድሞ ጸሐፊዎች «ደመ ወዝ» እያሉ ለያይተው ይጽፉት ነበር፤ ሰው ደሙን አፍስሶ፣ ወዙን አንጠፍጥፎ የሚያገኘው ማለት ነው። ቃሉ ያምራል። ነገር ግን ክፍያ የድካም ልክ ነው የሚል እምነት ከቃሉ ጋር አብሮን አድጓል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ በቢቸና ዙሪያ ዋልካ መሬት ላይ ከንጋት እስከ ምሽት ጎንበስ ብሎ ጤፍ ሲያጭድ ከሚውል ሰው የሚበልጥ ተከፋይ ባልተገኘ ነበር።

«ብዙ የደከመ ብዙ ያገኛል»

የአጫጁን የቀን ሒሳብ ዓመቱን ሙሉ ብንከታተለው ይወጣል፣ ይወርዳል። ድካሙ ግን ያው ነው። ቢቸና ያለችበት የእነማይ ወረዳ ዋልካ ሰፊ ነው፤ ጤፉ በክረምቱ አጋማሽ ይዘራና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የብዙ ሰው ማሳ በአንድ ሰሞን ይደርሳል። የደረሰ ጤፍ ደግሞ አይጠብቅም። ቀን ባለፈ ቁጥር ፍሬው ይረግፋል፤ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ባለማሳው ይጨነቃል፣ ማጭድ የያዘውም ዋጋ ይቆርጣል። ውቂያው አልቆ እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ያው ክንድ ሥራ ፍለጋ መንገድ ዳር ይቆማል። ዋጋውን ያወጣው የአሠሪው ችግርና በዚያ ቀን የተሰለፈው የሠራተኛ ብዛት ነው።

ላብ በላብ የሚከፈልበት ሥርዓት አለን፤ ወንፈል ይባላል። ዛሬ እኔ አንተ ዘንድ ከዋልሁ ነገ አንተ እኔ ዘንድ ትውላለህ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ይህ የሚሠራው ግን ተዋውቀን፣ ተዛዝነን ስለምንኖር ነው። ገበያ እንዲህ ያለ መተዛዘን አያውቅም።

«ክፍያ የሥራውን ጥቅም ያሳያል»

ይህኛው እምነት ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ሰው ራሱን እንዲንቅ ያደርጋልና። አጫጁ ባይኖር አዲስ አበባ እንጀራ አትበላም። ታዲያ ለምን ትንሽ ይከፈለዋል? ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ተመሳሳይ እንቆቅልሽ አንሥቶ ነበር፦ ያለ ውኃ መኖር አይቻልም፣ ሆኖም ርካሽ ነው፤ አልማዝ ያን ያህል አይጠቅምም፣ ሆኖም ውድ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ የምጣኔ ሀብት ሰዎች መልሱን አገኙት። ገበያ «አጫጆች ሁሉ ቢጠፉ ምን ይሆናል?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «አንድ አጫጅ ቢቀር ምን ይጎድላል?» ብሎ ነው።

ሞጣ ላይ ቤት ያሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚመላለሰው ረዳት ከግንበኛው ይበልጥ ይደክማል። ረዳት ቢቀር ግን ጠዋቱኑ ሌላ ይጠራል። ግንበኛው ከቀረ ረዳቶቹ ሁሉ ሥራ ፈትተው ይውላሉ፤ ቱንቢና ውኃ ልክ የሚያነብ ሰው መንገድ ዳር አይገኝም። ግንበኛውም ቢሆን ሙያውን ያገኘው ለዓመታት በረዳት ክፍያ እየሠራ ነው፤ ዛሬ የሚያገኘው ጭማሪ በከፊል የዚያ ዘመን ብድር ምላሽ ነው።

«ሸማኔና ሸክላ ሠሪ የደኸዩት ሥራቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ነው»

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። የሸማኔ፣ የቀጥቃጭ፣ የፋቂና የሸክላ ሠሪ ሙያ ረጅም ልምምድ ይፈልጋል፤ ሙያውን የሚችለውም ሰው ጥቂት ነበር። በግንበኛው ስሌት ከሄድን ደህና ሊከፈላቸው ይገባ ነበር። ያልተከፈላቸው ሌላ መውጫ ስላልነበራቸው ነው። ብዙዎቹ በዘራቸው ተንቀው ከርስት ተገልለው ኖረዋል፤ እርሻ ልግባ ቢሉ መሬት የላቸውም። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ ማረሻውንም ጋቢውንም በፈለገው ዋጋ ይወስድ ነበር። «አልሸጥም» ብሎ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የሌለው ባለሙያ፣ ሙያው ብርቅ ቢሆንም አይከፈለውም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ነውር መሆኑን በአዋጅ አስነግረው ነበር፤ መሬት የማግኘት መብት በሕግ የመጣው ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። እኔ በዚህ ነገር ካመንኋቸው ሁሉ የምይዘው ይህንን ነው፦ የሰው ክፍያ «እምቢ» ካለ በኋላ በሚጠብቀው ኑሮ ላይ ይመሠረታል።

የመተማ የሰሊጥ እርሻ ይህንኑ ያሳያል። ከጎጃም ደጋ የሚወርደው ወጣት እዚያ ሳሉግ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ በሠፈሩ ከሚያገኘው የበለጠ የቀን ክፍያ ይቆረጥለታል። ስሚዝ ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን ሥራው በከበደና ባስጠላ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል ያለው ትክክል ነው፤ ቆላው ሙቀት፣ ወባና ካላ አዛር የሚባለው በሽታ አለበት። ጭማሪው ግን የጤናው ሙሉ ዋጋ አይደለም። ወጣቱ የተስማማው በሠፈሩ መሬት ስላልደረሰው ነው።

«ዲግሪ ያለው ደመወዝ አያጣም»

በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ደብረ ማርቆስን ጨምሮ የመንግሥት ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ወረቀቱ ብርቅ በነበረበት ዘመን ይከፍል የነበረው ዋጋ ወረቀቱ ሲበዛ አይቀጥልም። ትምህርት ዛሬም ይጠቅማል፤ የሚከፍለው ግን ብርቅነቱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ በገበያ አይወሰንም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር የሆነው በመንግሥት ስኬል ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ያነሡት የደመወዝ ጥያቄም ከዚህ ጋር ይያያዛል፦ ዋናው አሠሪ አንድ ብቻ ሲሆን ሐኪምም ቢሆን የሚሄድበት ሌላ በር ይጠበዋል።

«ዝቅተኛ ደመወዝ ቢደነገግ ሥራ ይጠፋል»

ሊጠፋ ይችላል፣ ላይጠፋም ይችላል። ካርድና ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የደመወዝ ወለሉ ከፍ ሲል የምግብ ቤቶች ሥራ እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ለግሉ ዘርፍ ግን እስካሁን ወለል አልተቆረጠም።

ወለል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት አራሚዋ ሴት ናት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብትን ለሴት ሠራተኞች አረጋግጧል። ጤፍ ሲታረም ግን ለወንዱ አንድ ዋጋ፣ ለሴቷ ከዚያ ያነሰ የሚነገርበት ማሳ ብዙ ነው። «ጉልበቷ ያንሳል» ይባላል። አረም ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዓይንና ጣት ነው። ከማሳው ጫፍ ጀምረው ጎን ለጎን እየታረሙ ከሚሄዱት ሁለት መስመሮች የትኛው የእርሷ፣ የትኛው የእርሱ እንደሆነ ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው መለየት አይችልም።